የእንግዳ ዕዳ

ሰው በገዛ ቤቱ ሲበላ ከረኃቡ በቀር የሚያስበው ነገር የለም። በሰው ቤት ሲበላ ግን አንድ ዕዳ አብሮት ከማዕዱ ይቀመጣል። ስለ ጋባዡ ዕዳ ብዙ ተነግሯል፤ እንግዳ ሲመጣ ከፍ ካለው ቦታ ማስቀመጥ፥ ውኃ ማስታጠብ፥ የተሻለውን ማቅረብ፥ «በሞቴ» እያሉ ማጉረስ እንደሚገባ ከልጅነታችን ጀምረን ስንማር አድገናል። ስለ እንግዳው ዕዳ ግን የሚያስተምረን ጥቂት ነው። እንግዳ የቀረበለትን ሁሉ መብላት አለበትን? ሊበላው የማይችለው ነገር ቢቀርብለትስ ጋባዡን ላለማሳዘን ሲል መዋሸት ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ ትንሽ መስሎ ይታያል። እኔም በሩቅ አገር ከአንድ ማዕድ ላይ አፍሬ እስክነሣ ድረስ ትንሽ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው በደቡብ ቻይና፥ በጓንዡ ከተማ ነው። ይህች በዕንቁ ወንዝ ዳር የተቈረቈረች ከተማ ቀድሞ በአውሮፓውያን አፍ ካንቶን ትባል ነበር፤ ቋንቋዋና ምግቧም እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራሉ። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፥ በጸደይና በመጸው፥ ታላቅ የንግድ ትርዒት ይደረግባታል። ከአገራችንም ብዙ ነጋዴዎች ወደዚያ ይመላለሳሉ። እኔም ከአንድ ሽማግሌ ነጋዴ ጋር በጸሐፊነት ሄጄ ነበር። ሽማግሌው መካ ደርሰው የተመለሱ ሙስሊም ናቸውና ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን፤ እኔ ደግሞ ክርስቲያን ነኝ። ሐጂ ጨርቅ የሚገዙበት፥ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፥ ሳቃቸው የማይጠገብ አንድ የጓንዡ ነጋዴ ነበሩ። የገበያው ጉዳይ ባለቀ ጊዜ በእሑድ ጠዋት ከቤተ ሰባቸው ጋር ቁርስ እንድንበላ ጋበዙን። በዚያው ከተማ የሚማር አንድ የአገራችን ልጅ አስተርጓሚያችን ሆኖ አብሮን ሄደ።

የገባንበት ቤት እንደ አዳራሽ የሰፋ የሻይ ቤት ነው። የካንቶን ሰዎች ይህን ዓይነቱን ማዕድ «ያም ቻ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም «ሻይ መጠጣት» ማለት ነው። በትንንሽ የቀርከሃ ሙዳይ በእንፋሎት እየበሰለ የሚመጣውን ልዩ ልዩ ምግብ ደግሞ «ዲም ሰም» ይሉታል፤ ይህም «ልብን መንካት» እንደ ማለት ነው። እንግዲህ በስሙ ብንፈርድ ማዕዱ ሆድ ለመሙላት ብቻ ሳይሆን ሰውና ሰው ሻይ እየጠጡ እንዲጨዋወቱ የተዘጋጀ ነው። በበሩ አጠገብ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ዓሣዎች በሕይወታቸው ይዋኛሉ፤ በላተኛው በጣቱ ያመለከተው ዓሣ ጥቂት ቆይቶ በሳሕን ይመጣለታል። የካንቶን ወጥ ቤት ትልቁ ኩራት ይህ ነው፤ በቅመም ብዛት ጣዕሙን ከመለወጥ ይልቅ ትኩሱን ነገር በገዛ ጣዕሙ ማቅረብ።

በክቡ ገበታ ዙሪያ ዐሥር ሆነን ተቀመጥን። የጋባዣችን ባለቤት መጀመሪያ በተቀዳው ትኩስ ሻይ ጽዋዎቹንና የመብያ እንጨቶቹን አለቃለቁበት። ቀጥሎ ልጃቸው ለአባቱ ሻይ ሲቀዳ አባቱ ቃል ሳይናገሩ በሁለት ጣታቸው ገበታውን መታ መታ አደረጉ። ይህ ምስጋና መሆኑን ተማሪው ነገረን። ስለ አመጣጡም እንዲህ ተብሎ ይተረካል፤ በ18ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ጭየንሎንግ የተባለው ንጉሠ ነገሥት ማንነቱን ሠውሮ እንደ ተራ ሰው ሲጓዝ፥ በአንድ ሻይ ቤት በገዛ እጁ ለሎሌው ሻይ ቀዳለት። ሎሌው በግምባሩ ወድቆ እንዳይሰግድ የጌታውን ምስጢር ማውጣት ሆነበት፤ ዝም እንዳይል ድፍረት ሆነበት። ስለዚህ ጣቶቹን አጥፎ በገበታው ላይ አሰገዳቸው ይባላል። ተረት ቢሆንም እንኳ የሚያምር ተረት ነው።

እኔ ግን ወዲያው ስሕተት ሠራሁ። የመብያ እንጨቶቼን የማኖርበት ቢጠፋኝ በሩዙ ላይ ቀጥ አድርጌ ተከልኋቸው። የጋባዣችን አሮጊት እናት ፊታቸው ተለወጠ፤ ተማሪው ቶሎ ብሎ አነሣቸው። ለካስ በሩዝ ላይ የተተከለ እንጨት ለሙታን የሚጨሰውን ዕጣን ይመስላል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ፤ ሥርዓት የሌለው ማዕድ በዓለም ላይ የለም፥ ከሥርዓቱም በስተጀርባ ፍርሃት ወይም ፍቅር አለ። እንግዳ ይህን ባለማወቁ አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ከዚህ ቀጥሎ እኔ ባደረግሁት ነገር ነው።

ሙዳዮቹ መምጣት ሲጀምሩ ሐጂ ለተማሪው እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፥ ንገርልኝ። የአሳማ ሥጋ ሃይማኖቴ ይከለክለኛል፤ አራጁን የማላውቀውንም ሥጋ አልበላም። ዓሣና ጎመን ግን ካለ እነዚህ ጎልማሶች ሁሉ አይቀድሙኝም።» ይህ ሲተረጐም ገበታው ሁሉ ሳቀ። ጋባዣችንም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩ ለከተማቸው አዲስ አልነበረምና። በጓንዡ ከቻይና መስጊዶች ሁሉ በዕድሜ ከሚቀድሙት አንዱ የሆነው የኋይሸንግ መስጊድ አለ፤ የከተማው ሰው ከሙስሊም ነጋዴ ጋር ሲገበያይ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ኖሯል። ወዲያው አንድ ዓሣ በሕይወቱ አምጥተው ለሐጂ አሳዩአቸውና ወደ ወጥ ቤት መለሱት።

ለእኛ ግን በስስ ነጭ ሊጥ የተጠቀለለ ሽሪምፕ፥ የአሳማ ሥጋ ያለበት ጥቅልል፥ ነጭ ዳቦም እየተከታተለ ቀረበ። እኔ ሽሪምፑንም አሳማውንም ዝም ብዬ ሳልነካው አሳለፍሁ። በኋላ ጋባዣችን አንዱን ሙዳይ ሲከፍቱ ፊታቸው በራ። በጥቁር ባቄላ ማጣፈጫ የተሠራ የዶሮ እግር ነበር። ይህ ምግብ በመጀመሪያ በዘይት ይጠበሳል፥ ከዚያ ተዘፍዝፎ ይለሰልሳል፥ በመጨረሻ በእንፋሎት ይበስላል፤ እነርሱም በክብር «የፎኒክስ ጥፍር» ይሉታል፤ ፎኒክስ በተረታቸው የወፎች ሁሉ አለቃ ናት። ጋባዣችን ለጋራ ማንሻ በተቀመጠው እንጨት ከሁሉ የወፈረውን መርጠው በጽዋዬ አኖሩልኝ። ይህ የእኛ ጉርሻ መሆኑን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልግም።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ሳልሸሽግ ልናገር። የዶሮ እግር በእናቴ ቤት ተቈርጦ የሚጣል ነገር ነው። ጣቶቹን ሳይ አንጀቴ ተገላበጠ። እውነቱን ብናገር ሰውየውን አሳዝናለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ስለዚህ ለተማሪው «ሆዴን አሞኛል በልልኝ» አልሁት። ትንሽ፥ ጨዋ የሆነች፥ ማንንም የማትጎዳ ውሸት መሰለችኝ።

ነገር ግን ሳቁ ወዲያው ቆመ። ጋባዣችን የመብያ እንጨታቸውን አስቀመጡ። ባለቤታቸው በፊቴ የነበረውን ሁሉ አንሥተው ጨው እንኳ የሌለው የሩዝ አጥሚት አዘዙልኝ። አሮጊቷ ተነሥተው ግምባሬን ዳሰሱኝ። የዐሥር ዓመት ልጅ የሚሆነው የልጅ ልጃቸው ከእናቱ ጋር መድኃኒት ሊገዛ ከቤቱ ወጣ፤ ሲመለስም ምግቡ በርዶ ጠበቀው። በዚህ መካከል የሐጂ ዓሣ መጣ። ዝንጅብልና የሽንኩርት ቅጠል ተነስንሶበት፥ የጋለ ዘይት ፈስሶበት፥ ራሱ ወደ እርሳቸው ዞሮ ተቀመጠ፤ የክብር እንግዳ መሆናቸው ነው። ሐጂ አንዱን ጐን ጨርሰው ሊገለብጡት ሲሉ ጋባዣችን እየሣቁ እጃቸውን ያዙአቸውና አጥንቱን በብልሃት መዝዘው አወጡላቸው። ከዓሣ አጥማጆች በወረሱት እምነት ዓሣ መገልበጥ የጀልባ መገልበጥ ምልክት ነውና። ሁለቱ ሽማግሎች ስለ ባሕርና ስለ መርከብ ሲጫወቱ እኔ አጥሚቴን እጠጣ ነበር። ያንን ዓሣ ሃይማኖቴም ሆዴም አይከለክለኝም ነበር። እውነት የተናገሩት ግብዣ በሉ፤ የዋሸሁት አጥሚት ጠጣሁ።

በዚያ ሌሊት ሐጂ «ለመሆኑ ልጄ፥ ምንህን ነው ያመመህ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ራሴን ለማዳን «ሐጂ፥ የእኔም ሃይማኖት እኮ ክርስቲያን ያላረደውን አይፈቅድልኝም» አልሁ። «ትላንት በሆቴሉ የበላኸውን ዶሮ ማን አረደልህ?» አሉኝ። ዝም አልሁ። «ሕግህ ከሆነ ጠብቀው፥ እኔም አከብርሃለሁ፤ ነገር ግን ሃይማኖትህን ለአፍንጫህ ጠበቃ አታቁመው። ከፍትፍቱ ፊቱ ሲባል አልሰማህምን? ሰውየው የሰጡህ የዶሮ እግር አይደለም፥ ፊታቸውን ነው። አንተ ግን ፊትህን ደበቅህባቸው» አሉኝ።

እንቅልፍ ስለ ከለከለኝ ነገሩን ከሥሩ መረመርሁት። ሰው በማዕድ ላይ «አልበላም» የሚልበት ምክንያት ሦስት መሆኑን ተረዳሁ። አንደኛው ሕግ ነው፤ ይኸውም ሃይማኖቱ ወይም ኅሊናው የከለከለው ነገር ነው። ሁለተኛው አካል ነው፤ በእውነት የሚያሳምመው ነገር ነው። ሦስተኛው ልማድ ነው፤ በአገሩ ያላየውን ዓይኑ ሲጠየፍ ነው። ሦስቱም ምክንያቶች ናቸው፥ ነገር ግን እኩል አይደሉም። ሕግና አካል ሊከበሩ ይገባቸዋል። ልማድ ግን ትሑት መሆን አለበት፤ ሌላ ቦታ ቢወለድ ሌላ ነገር ይወድድ ነበርና። የእኔ ጥፋት በመጀመሪያ ልማዴን የአካል ልብስ አለበስሁት፥ ሲገፈፍብኝ ደግሞ የሕግ ካባ ልደርብለት ሞከርሁ።

ምናልባት አንባቢዬ «ይህች ውሸት እኮ ለሰው ከማሰብ የመጣች ናት» ይለኝ ይሆናል። እኔም እንዲሁ ብዬ ራሴን አጽናንቼ ነበር። ነገር ግን በእውነት ለጋባዡ አስቤ ነበርን? ያሰብሁት ራሴን እንደ ጨዋ ለማሳየት ነበር። ዋጋውን ግን እርሳቸው በሐሳብ፥ አሮጊቷ በድንጋጤ፥ ሕፃኑ በበረደ ምግብ ከፈሉልኝ። ከዚህም በላይ፥ በሰው ፊት መዋሸት ያ ሰው እውነትን የመሸከም አቅም የለውም ብሎ መፍረድ ነው። ሐጂ ጋባዣችንን እንደ ትልቅ ሰው ቈጥረው እውነቱን ነገሩአቸው፤ እኔ እንደ ሕፃን አታለልኋቸው። አባቶቻችን «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ያሉት ለመንገደኛ ታስቦ የተነገረ ይመስላል፤ ስንቁም ውሸቱም በመንገድ ላይ ያልቃሉና።

የእንግዳ ቃል ደግሞ ከማዕዱ ርቆ ይሄዳል። በአሜሪካ የቻይና ምግብ ቤት በመክፈት ቀደምት ከነበሩት ብዙዎቹ ከዚሁ ከካንቶን አውራጃ የተሰደዱ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 በዚያ አገር የሚኖር አንድ ቻይናዊ ተወላጅ ሐኪም በቻይና ምግብ ቤት ሲበላ ማጅራቱ እንደሚደነዝዝና ልቡ እንደሚመታ ጽፎ፥ ምክንያቱ ምን ይሆን ሲል ለአንድ የሕክምና መጽሔት ደብዳቤ ላከ። ጥያቄው ቅን ጥያቄ ነበር። መጽሔቱ ግን «የቻይና ምግብ ቤት ሕመም» የሚል ርእስ ሰጠው፤ ብዙ ሰውም ያንን ስም ይዞ ሮጠ። ጥርጣሬው ሞኖሶዲየም ግሉታሜት በሚባለው ማጣፈጫ ላይ ወደቀ። ይህን ማጣፈጫ እ.ኤ.አ. በ1908 ለይቶ ያወጣው ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባለ ጃፓናዊ ኬሚስት ነው፤ ግሉታሜቱ ራሱ በቲማቲምና በቈየ አይብ ውስጥ በተፈጥሮው ይገኛል። በኋላ ተመራማሪዎች የትኛው ምግብ ማጣፈጫው እንዳለበት ለበላተኞቹ ሳይነግሩ ሲፈትኑ ሕመሙን በማያወላውል መንገድ ሊያገኙት አልቻሉም። ቲማቲም የበላ ማንም አልተጠራጠረም፤ የተጠረጠረው የባዕዱ ሳሕን ነበር። እነሆ፥ የእኔም «ሆዴን አሞኛል» ከዚህ ወገን የምትቈጠር ናት።

እኛስ በዚህ ዓይነት ፍርድ አልተፈረደብንምን? እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 የጉዞ መጽሐፉን በአምስት ቅጽ አሳተመ። ስለ ቤተ መንግሥቱ፥ ስለ ታሪኩ፥ ስለ ዓባይ ምንጭ ብዙ ጽፎ ሳለ የአገሩን ሰዎች መሳቂያና መከራከሪያ ያደረጋቸው ስለ ጥሬ ሥጋ የጻፈው ነበር። ዛሬም አንድ የውጭ አገር ሰው በቤታችን ክትፎ ወይም ጥሬ ሥጋ ሲቀርብለት ምን ቢለን እንወዳለን? አፍንጫውን ቢነፋ እንቈጣለን። ታምሜአለሁ ብሎ ቢዋሸን እናዝንለታለን፤ ውሸቱን በሌላ ቀን ብንሰማ ግን ይበልጥ እንቈጣለን። «ጥሬ ሥጋ አልለመድሁም፥ ትንሽ ለብ አድርጉልኝ» ቢለን ግን ሥቀን እንነሣና እናበስልለታለን፥ ከዚያም ቀን ጀምሮ ወዳጃችን ይሆናል። እንግዲህ ለራሳችን የምንሻውን ለሌላው ማድረግ ነው።

በማግሥቱ ልንሰናበት ወደ ጋባዣችን ሱቅ በሄድን ጊዜ እውነቱን እንዲተረጉምልኝ ተማሪውን ለመንሁት። ልጁ ፈራ፤ እኔም ፈርቼ ነበር። «ትላንት አልታመምሁም። በአገሬ የዶሮ እግር አይበላምና ደንግጬ ነው። ስለ ዋሸሁና ቤተ ሰብዎን ስላስጨነቅሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልሁ። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያም እስኪያስላቸው ድረስ ሣቁና ወደ ሐጂ ዞረው «እንግዲያው እኔም አለብኝ። ባለፈው ዓመት ይዘውልኝ የመጡት ቡና ግሩም ነው ብዬዎት ነበር፤ መራራነቱን ግን አልቻልሁትም። ዞር ሲሉ በአበባው ማሰሮ ደፍቼዋለሁ» አሉ። ሐጂም ከእኔ ይልቅ ሣቁ፥ በስኳር እንዴት እንደሚጠጣም ያስረዱአቸው ጀመር። ሁለቱ ሽማግሎች ለስንት ዓመት ሲገበያዩ ይህን ያህል ሲቀራረቡ አላየሁም። እኔ የሰጠሁት እውነት ሌላ እውነት ወልዶ ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ወደዚያው ሻይ ቤት መልሰው ወሰዱን። የዶሮ እግሩ ሲመጣ፥ የሆቴሉን ዶሮ ያለ ጥያቄ የበላሁ ሰው ነኝና፥ የሚከለክለኝ ሕግ ሳይሆን ልማድ መሆኑን አምኜ አንዱን አንሥቼ በላሁ። እውነቱን ለመናገር አልወደድሁትም፤ ይህንኑም ነገርኋቸው። እርሳቸውም አልተቀየሙም። «እንግዲያው ዓሣውን ብላ» ብለው ሻይ ቀዱልኝ፤ እኔም በሁለት ጣቴ ገበታውን መታሁ።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ዛሬ ለትምህርት፥ ለንግድ፥ ወይም እንጀራ ፍለጋ ከአገሩ የሚወጣው ብዙ ነው፤ አንተም፥ አንቺም አንድ ቀን በባዕድ ማዕድ መቀመጣችሁ አይቀርም። ሕግ ካላችሁ ገና ምግቡ ሳይታዘዝ በትሕትናና በግልጥ ተናገሩ። ሕመም ካላችሁ አትደብቁ። የከለከላችሁ ልማድ ብቻ ከሆነ አንድ ጊዜ ቅመሱ፤ ቀምሳችሁ ካልሆነላችሁም «አልለመድሁም» ማለት ነውር አይደለም። ፊታችሁን ግን አታጨማድዱ፥ ስለ ሳሕኑም በሰውየው ላይ አትፍረዱ። ጋባዥ የሚሰጠው ምግቡን ነው፤ እንግዳ ባዶ እጁን ቢመጣም የሚከፍለው አንድ ነገር አያጣም፥ ይኸውም እውነተኛ ፊቱ ነው።